ከኩታው ስር የወጣች እጅ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ የማወጋችሁ ስለ ሐጂ ቡሽራ ነው። ይኖሩባት የነበረችው የጥንት ከተማ ቡና ከየገጠሩ የሚራገፍባት ናት፤ ስሟ ለቁም ነገራችን አይጨምርም። በዚያ ገበያ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ሻጭና ገዢ እጃቸውን ከአንድ ኩታ ስር አገናኝተው ጣት በመጨበጥ ይነጋገራሉ፤ አንድ ጣት አንድ ብር ነው። ዙሪያውን የቆመ ሰው ምንም አይሰማም። መዳፍ ግን ገመና አይሸፍንም፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ጀማሉዲን የሚባለው ትልቁ ነጋዴ ሰውን የሚያነበው በላቡ ነበር።

የሐጂ ቡሽራ ወንድም ሲሞት ለሚስቱ ለረውዳና ለሁለት ሴት ልጆቹ የተወው በፈረሱላ የሚመዘን አንድ ክምር ቡና ብቻ ነው። አደራው፣ አማናው፣ በሐጂ እጅ ገባ። ሐጂ የየቲምን፣ የአባት አልባ ልጅን፣ ገንዘብ እንደ እሳት ይፈሩ ነበርና፣ ገና ገበያው ሳይሞቅ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ረውዳን አስጠሩ።

«ፈረሱላው አራት ብር ሲገባ እሸጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቢወጣም ቢወርድም ዘንድሮ ወደ ገበያው አልመለስም» አሏት። ተስማማች።

አራት ብር ሲገባ ለጀማሉዲን ሸጡለት። የዚያኑ ዕለት ግን ተዘግቶ የነበረው ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድ ተከፈተ የሚል ወሬ ደረሰ። ፈረሱላው አምስት ሆነ፤ ትንሽ ቆይቶ ስድስት። ጠዋት የሸጡት ሰዎች መልሰው ለመግዛት ይጋፉ ጀመር።

ረውዳ ልጆቿን አስከትላ ከሐጂ ሱቅ ደጃፍ ቆመች።

«ሐጂ፣ የልጆቼ ሐቅ ሲሄድ እያዩ ይቀመጣሉ?»

«ተስማምተን ነበር እኮ፣ እህቴ።»

«አራት ስንል ስድስት እንደሚሆን መች አወቅሁ? ብሩን ይዘው ገብተው መልሰው ይግዙ። ሳይመሽ ከዚህም ያልፋል እያሉ ነው።»

ሷሊሕ፣ ደግ ሰው ሲባል ልቡ ድንጋይ የሆነ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የሐጂ አንጀታቸው አርሮ ነበር። ጀማሉዲን በደጃቸው ሲያልፍ ፈገግ ማለቱ ደግሞ የባሰ አንገበገባቸው። ነፍሲያቸው፣ ሁሉም ሲያገኝ አንተ ብቻ ቀረህ አለቻቸው። የየቲሞቹን ብር ቋጥረው ወደ ገበያው ወረዱ፤ ረውዳም ተከተለቻቸው።

ጀማሉዲን ኩታውን ዘረጋ። «ይግቡ፣ ሐጂ።»

እጃቸውን አስገቡ። ጀማሉዲን አምስቱን ጣታቸውን ጨበጠ፣ ቀጥሎ አንዱን። ስድስት ማለቱ ነው። ሐጂ እሺ ሊሉ ሲሉ መዳፋቸው መራሱ፣ ጣታቸውም መንቀጥቀጡ ተሰማቸው። ለጀማሉዲንም ተሰምቶታል። ለቀቅ አደረጋቸውና እንደገና ጨበጠ፤ አሁን ሰባት። ዋጋውን የጨመረው ገበያው አልነበረም፣ የሐጂ ላብ ነው።

«ይጨርሱ እንጂ» አለች ረውዳ ከኋላ።

ሐጂ እጃቸውን ከኩታው አወጡ። «ዛሬ ይቺ እጅ የኔ አይደለችም» ብለው ወደ መስጂድ ሄዱ። ውዱእ አደረጉ፣ እጅ እግራቸውን ታጥበው ሰገዱ። ሲወጡም ወደ ገበያው አልተመለሱም፤ ብሩን ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉት።

በማግስቱ ዋጋው ወደቀ እንድላችሁ እየጠበቃችሁ ይሆናል። አልወደቀም። ስምንት ገባ። ረውዳ ሰላምታ ነሳቻቸው፣ ሰዉም አማቸው። ሐጂ ሶብር አደረጉ፣ ታገሡ።

አዲሱ ቡና ሲደርስ ረውዳ ቁጣዋ በርዶ መጣች። «እውነት አልቆጨዎትም?» አለቻቸው።

«ቆጭቶኛል» አሉ። «ዋጋን የሚያወጣውም የሚያወርደውም አላህ ነው፤ ለኔ የተሰጠችኝ እጄ ብቻ ናት። ያን ቀን አትርፌ ቢሆን ኖሮ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለምትንቀጠቀጠው እጅ ስታዘዝ እኖር ነበር።»

ዛሬ ኩታው የለም። ወጣቶቻችን የሚነግዱት ስልክ ላይ አፍጥጠው፣ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ እያዩ ነው። ጠዋት በሰከነ ልብ የነየቱትን ሐሳብ ከሰዓት በኋላ ይሽሩታል፤ ሲከስሩ በንዴት ተመልሰው ወደ ገበያው ይገባሉ፣ ሲያተርፉ ጎበዝ ነን ብለው የቤተሰባቸውን ጭምር ይዘው ይገባሉ። ኪሳራው ያስተምር ይሆናል። እኔ የምፈራላችሁ ትርፉን ነው፤ አንዳንድ ትርፍ ሸይጧን ሙሉውን ሊወስድ የሚከፍለን ቀብድ ነውና። ስለዚህ ነገ ያንን ስልክ ከመንካታችሁ በፊት መዳፋችሁን ዳብሱት። ካላበው ስልኩን አስቀምጡና ውዱእ አድርጉ።