ማንደፍሮና የማሽላው ጉድጓድ

በዚህ ታሪክ መጨረሻ የምትሰሙትን ምሳሌ ዛሬ በጨርቅ ጽፈው በየስብሰባው ይሰቅሉታል። በየሠርጉ አንድ ሰው ተነሥቶ ሲናገረው ይጨበጨብለታል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ መነሻውን ከአያቴ ሰምቻለሁና። መጀመሪያ የተናገሩት ሰው እንደ አሁኖቹ ፈገግ አላሉም። በንዴት ጦፈው፣ መሬት ላይ ለተዘረረ አንድ ጉረኛ ነው የተናገሩት።

ጉረኛው ማንደፍሮ ይባላል፤ የይፋት ቆላ ሰው ነው። ጉልበቱስ እውነት ነው፣ አልዋሽም። ቤቱን ያለ ደቦ ሠርቷል፣ ማሽላውን ያለ ወንፈል አጭዷል። «እግዜር ካለ ነገ እንገናኛለን» ሲሉት፣ «እኔ ካልሁ በል» ብሎ ያርማል። የሚያናድደኝ ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ሰዉም «ወንድ እንዲህ ነው» እያለ ይስቅለት ነበር። ትዕቢተኛን የሚያሳድገው እንዲህ ያለ ሳቅ ነው።

አንድ እሑድ የደብሩ ቄስ መምሬ ዘነበ ሰንበቴ ላይ ሲያስተምሩ የዚያን ባለጸጋ ነገር አነሡ፤ ጎተራዬን አፍርሼ ትልቅ እሠራለሁ፣ ነፍሴ ሆይ ብዪ ጠጪ ሲል ሞት የቀደመውን። ማንደፍሮ ጽዋውን አስቀመጠ።

«መምሬ፣ ያ ሰውዬ የሞተው እሠራለሁ ብሎ ሲያስብ ነው። እኔ ሠርቼ፣ ሞልቼ፣ ከድኜ ተቀምጫለሁ» አለ።

ሰንበቴተኛው ሁሉ ሳቀ። መምሬ አልሳቁም። «መጽሐፉ ደግሞ ብቻውን ሳለ ለሚወድቅ ወዮለት፣ የሚያነሣው የለውም ይላል» አሉት።

«እኔ መቼ ወድቄ ዐውቃለሁ?»

ከድኛለሁ ያለው ጉድጓዱን ነው። በዚያ አገር ጎተራው መሬት ውስጥ ነው። አፉ ጠቦ ሆዱ የሰፋ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ማሽላው ይገባበታል፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ክረምት ላይ ቤት ያለው እህል ሲያልቅ ይከፈታል። ታፍኖ የከረመው አየር ግን ገዳይ ነው፣ ሰውን ሳያስጮኽ ይጥላል። ስለዚህ ወግ አለው። ከፍተው ለነፋስ ያሳድሩታል። በማግሥቱ የበራ ችቦ ያወርዱና ችቦው ከጠፋ ማንም አይገባም። የሚገባውም ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ላይ ለቆመው ጎረቤቱ «ያዘኝ» ይላል። ያኛው «ይዤሃለሁ» ይለዋል። ይህን ሳይባባሉ አይወረድም።

ማንደፍሮ ይህቺን አንዲት ቃል ላለማለት ሲል በየዓመቱ ብቻውን ከፍቶ ብቻውን ይገባል። እስከዚያ ድረስ ጉድጓዱ ትንሽ ስለነበር ተርፏል። ያን ዓመት ግን አዝመራው ሰመረለትና የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል ቆፈረ።

ነሐሴ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እህል አልቋል። ሚስቱ ጥሩወርቅ ልጆቿን በጎመን ማዋል ከጀመረች ሰንብታለች። ሊከፍት በወጣበት ጧት ጎረቤቱ ሰይፉ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ።

«አያ ማንደፍሮ፣ ዛሬ ክፈተውና ይደር። ነገ እኔ እይዝሃለሁ።»

«በገመድህ ላምህን እሰርበት።»

«ችቦ እንኳ አውርድ እንጂ።»

«ችቦ የፈሪ ነው። ሂድ፣ ከማሳዬ ውጣልኝ።»

ጥሩወርቅ መሐል ገባች። «ምን አለበት፣ ይያዝህ። እህሉ እንደሁ የትም አይሄድ።»

«አንቺም ከነሱ ሆንሽ? ስልቻውን አቀብዪኝ።»

እኔ ብሆን ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋ ነበር። ሰይፉ ግን ማሳው ዳር ደርሶ ቆመ። ተቀይሟል፣ ጥሎ መሄድ ግን አልሆነለትም።

ማንደፍሮ ድንጋዩን ፈነቀለና እርከን በተፈለፈለበት ግንድ ወረደ። ጥሩወርቅ ሲወርድ እያጉረመረመ ሰማችው። ከዚያ ስልቻው ሲወድቅ ሰማች፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ብትጠራው አይመልስም። ደግማ ጮኻ ጠራችውና መቀነቷን አጥብቃ እግሯን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች።

ሰይፉ ሮጦ ክንዷን ያዘ። «አንቺም ከገባሽ ልጆቹን ማን ያሳድጋቸው?» አላት። መምሬ ዘነበም በሽተኛ ሊያጠምቁ በዚያ ሲያልፉ ጩኸቱን ሰምተው ደረሱ። ቅጠሉ የበዛ ቅርንጫፍ ሰብረው በሰይፉ ገመድ አሰሩና ጉድጓዱ ውስጥ ከፍ ዝቅ እያደረጉ አየሩን ናጡት። ሰይፉ ገመዱን ከቅርንጫፉ ፈትቶ ወገቡን አሰረ።

«መምሬ፣ ያዙኝ።»

«ይዤሃለሁ፣ ልጄ።»

ትንፋሹን ውጦ ገባ። የማንደፍሮን እጅ እንደነካ ራሱን አዞረውና ሰይፉን ብቻውን ጎትተው አወጡት። አስመለሰው።

«ይበቃሃል፤ በአንድ ሬሳ ላይ ሌላ አልጨምርም» አሉት መምሬ።

«እጁ ይሞቃል» አለና ተመልሶ ገባ። ይህን ጊዜ ጥሩወርቅ ከቤት ሮጣ ያመጣችውን ሌላ ገመድ በማንደፍሮ ብብት ሥር አሳልፎ ቋጠረው። መጀመሪያ ሰይፉን፣ ቀጥሎ ማንደፍሮን፣ መምሬና ጥሩወርቅ ተጋግዘው ሳቡ። ገመዱ የመምሬን መዳፍ ላጠው። ያ ግዙፍ ሰው አፉ ማሽላ እንደሞላ እየተጎተተ ወጣ።

ውሃ አፈሰሱበት። ብዙ ቆይቶ ሳለና ዐይኑን ገለጠ። ጥሩወርቅ እያለቀሰች ፈጣሪዋን አመሰገነች። ሰይፉ አጠገቡ በግንባሩ ተደፍቶ ገና ያቃስታል። ማንደፍሮ ዞር ብሎ አየውና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ማን ጣልቃ ግቡ አላችሁ? ጥቂት ብትታገሡ በራሴ እወጣ ነበር።»

የጥሩወርቅ ልቅሶ ቆመ። «እዚህ ጉድጓድ ልገባልህ ነበር» አለችው። «ልጆቼን ጥዬ። አንዲት ቃል ከአፍህ አልወጣ ስላለችህ።» የቀረውን ውሃ አንሥታ ለሰይፉ ልታጠጣው ሄደች።

መምሬ ዘነበ ገመዱን ሰብስበው ማንደፍሮ ደረት ላይ ጣሉት። በዕድሜያቸው እንደዚያ ሲቆጡ ያየ የለም ይባላል።

«ዝም በል» አሉት። «ጉልበትህንማ አየነው፤ እታች ተዘርሮ ራሱን ማገላበጥ አቅቶት ነበር። እንዲህ ያለ ክንድ የሰጠህን ፈጣሪ ካድኸው፣ ሊያድንህ የላከውን ጎረቤትህን አባረርኸው፣ አሁን ደግሞ ሞት አፍ ውስጥ ገብተህ ወጥተህ ትኮራለህ። ያወጣህ አንተ የናቅኸው ሰውና ይኼ የእኔ የሽማግሌው እጅ ነው። ሳትሞት ስማው፣ ማንደፍሮ፤ ከአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ።»