በእሑድ ምሳ የተሰጠ ግጥም

በእኛ በኩል፣ ለጠየቀው ሁሉ እሺ የሚል ሰው ሲያጋጥም፣ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ነቅንቀው አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። ወጣቶቹ ይስቃሉ። እኔም ታሪኩን እስክሰማ ድረስ ስቄያለሁ፤ ከሰማሁ ወዲህ ግን ማማተብ ነው የሚቀናኝ። ብዙው ተረት ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ከአበው ነው ተብሎ ይታለፋል። ይኼኛው ግን ገና ልጅ ነው፤ ሲወለድ ቆመው ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። አንደኛው አያ ሙጬ ነው። እኔም የሰማሁት ከራሱ አፍ ነው፣ ሦስት ጊዜ አስደግሜ፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቃል አልለወጠም።

አያ ሙጬ የደጋ ዳሞት ገበሬ ነው። እኅቱ የሻረግ ቢምረው ለሚባል ሰው ተድራ አንድ ወንድ ልጅ ወለደች፤ አንማው አሉት። ልጁ ድምፅ ተሰጠው። ማሲንቆውን አባቱ ራሱ ከዋንዛ ጠርቦ፣ የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ የፈረስ ጭራ ገትሮ ሠራለት። እሱ ያልተጫወተበት ሰርግ እዚያ አገር ሰርግ አይባልም ነበር። ታዲያ ሰው ባደነቀው ቁጥር «ይኼ ድምፅ እዚህ ምን ይሠራል? አዲስ አበባ ነው እንጂ» ይላል። አንማው ይኼን ሲሰማ አድጎ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ተነሣ። አባቱ አልከለከለውም። መኪና መንገድ ድረስ ሸኘውና፣ «ከከፋህ ተመለስ፤ ማንም አይስቅብህም» አለው።

ከተማው ግን አልጠበቀውም። ስቱዲዮ ደጅ ሄዶ ሲያንኳኳ ዝፈን የሚለው የለም፤ «ስንት ተከታይ አለህ?» ነው የሚሉት። አንዱ ዜማውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ በስልኩ ቀድቶ፣ «ነገ ተመለስ» አለው። ነገውን ሲመላለስበት ከርሞ፣ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ያችኑ ዜማ በሌላ ሰው ድምፅ ሰማት። መርካቶ ጀርባ ከስድስት ሰው ጋር አንድ ክፍል ይጋራ ነበር፤ ፍራሽ ሦስት ነበርና በተራ ነው የሚተኙት። ወደ ቤት ሲደውል ግን «ደህና ነኝ» ይላል።

በኋላ ወይዘሮ ዘርፌ አገኙት። ወይዘሮ ዘርፌ ሁለት የባህል ምግብ ቤቶች አሏቸው፤ ምሳና ራት እየተበላ ማሲንቆ የሚሰማባቸው። አንድ ዜማ አስዘፍነው ወደዱት።

«ስምህ ማን ነው?»

«አንማው ቢምረው።»

«ልጄ፣ ይኼ ስም ፖስተር ላይ አያምርም። ኤፊ ማሲንቆ እንበልህ።»

«እሺ።»

«ስልክህም እኔ ጋ ይቀመጥ። የሚፈልግህ ሰው በእኔ በኩል ይምጣ።»

«እሺ።»

«እዚህ ቤት አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው። እንግዳ ተቀበል ካለህ ትቀበላለህ። ስድብም ይሁን፣ ነውርም ይሁን። አንድ ዓመት ሙሉ ማንንም ካላስቀየምክ የመጀመሪያ ዘፈንህን በራሴ ገንዘብ አስቀርጽልሃለሁ። አንዴ እምቢ ካልክ ግን ዓመቱ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።»

«እሺ» አለ። አያ ሙጬ ይኼን ሲያወራ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፋል። ሦስት እሺ።

ተቀበል ለማያውቅ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳው ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ሳይጨምር ሳይቀንስ በዜማ ይመልስለታል። በአገር ቤት ይኼ የጨዋ ጨዋታ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ተዋውቀው፣ ተከባብረው ነው። እዚያ ቤት ግን የሚሰጠው ሌላ ነበር። በገባ በሁለተኛው ቀን አንድ ወፍራም ሰው ጉርሻውን ሳይውጥ፣

«እስኪ እዩት ይኼን ልጅ፣ እግሩ ሸንበቆ ነው፣
እናቱ ያረገዘችው፣ በሁዳዴ ጾም ነው»

ብሎ ሰጠው። የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ሆነ። አንማው እናቱን አሰበ። ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ፤ ግን ዓመቱን አስታወሰና ዘፈነው። ከዚያ ጓሮ ሄዶ አለቀሰ። ጋሽ ላቀው የሚባሉ ሽማግሌ አዝማሪ፣ የቤቱ ነባር፣ እዚያ አገኙት።

«ስማ፣ እኔ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመቴ ነው» አሉት። «ቃሉን አትስማ። ቤት የሚመታባትን ፊደል ብቻ ያዝና መልስ። ቃሉን የሰማህ ቀን ወይ ትደባደባለህ ወይ እንዲህ ታለቅሳለህ።»

«ጆሮዬ ክፍት ሆኖ እንዴት አልሰማም፣ ጋሼ?»

«ትለምደዋለህ።»

ለመደው። አሥራ አንድ ወር እንዲህ አለፈ። አንማው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ፈገግ እያለ የሚዘዋወር፣ የሰጡትን የሚመልስ ሆነ። እንግዳ ይወደዋል። የቀረው አንድ ወር ነበር።

በዚያው ወር፣ በጥር፣ ቢምረው ታመመ። ሕመሙ ከሳንባው ነው፤ በአራተኛው ቀን «ልጄን አምጡልኝ፣ ሳላየው አልሂድ» አለ። ስልክ ቢደወል የሚያነሳ የለም። አያ ሙጬ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ የአገሩ ሰው ቤት አደረ። ዓርብ ልጁ የሚጫወትበትን ምግብ ቤት ጠይቆ ጠይቆ አገኘው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ፣

«ፋዘር፣ አንማው የሚባል ሰው እዚህ የለም» አለው። አልዋሸም፤ ያንን ስም እዚያ ቤት የሚያውቀው የለም። አያ ሙጬ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ፎቶ አየ።

«ይኼ እኮ የእኅቴ ልጅ ነው።»

«እሱ ኤፊ ነው። የኤፊ አጎት ነኝ የሚል ደግሞ በሳምንት ሦስት ይመጣል።»

ቅዳሜ ተመልሶ ወይዘሮ ዘርፌን ራሳቸውን አገኛቸው። ኮፍያውን አውልቆ፣ የአንማው አባት በጠና መታመሙን፣ ልጁን እየጠራ መሆኑን ነገራቸው። ደንገጥ አሉ፤ ከልባቸው ነው የመሰለው። «ውይ አባቴ፣ እግዜር ይማረው። ዛሬውኑ እነግረዋለሁ» አሉት። እሱም አመነ። ሴትየዋ ግን ለእሑድ ትልቅ እንግዳ ይጠብቁ ስለነበር፣ ነገሩን ለሰኞ አሳደሩት። አያ ሙጬ እስከ ማታ ውጭ ቆመ፤ ልጁ በጓሮ በር ወጥቶ በመኪና ወደ ሁለተኛው ቤት እንደሚወሰድ የነገረው አልነበረም።

እሑድ ማለዳ ከአገር ቤት ተደወለ። ቢምረው ሌሊቱ ሲነጋጋ ዐርፏል። «ልጁ እንዲደርስ እስከ ነገ አሥር ሰዓት እናቆየዋለን» አሉ። «ከዚያ በላይ አንችልም።»

በአገራችን መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው በተቀመጠበት፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው የሚነገረው። ራቅ ያለ ሰው ከሆነ «ታሟል፣ ናልን» ተብሎ ይመጣና ከቤቱ ደጃፍ ሲደርስ መርዶውን ይረዳል። አያ ሙጬም ያሰበው እንዲሁ ነበር፤ ታሟል ብሎ ሊወስደው፣ ለነገ ንጋት አውቶቡስ ሊያደርሰው። አፈሩን በእጁ ለአባቱ እንዲያለብስ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

በምሳ ሰዓት እንደ እንግዳ ገብቶ ተቀመጠ። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ልጅ የያዘ፣ አማት የጋበዘ። አንማው ሐር ካባ ደርቦ መካከል ላይ ይጫወታል። አያ ሙጬ ሊነሣ ሲል አስተናጋጇ ትከሻውን ያዝ አደረገችው።

«አባባ፣ ከዘፋኙ ጋር ማውራት አይፈቀድም። ግጥም ከሆነ ግን መስጠት ይችላሉ።»

«ግጥም?»

«ተቀበል ይበሉት። የፈለጉትን ይላል።»

አያ ሙጬ ግጥም ሰጥቶ አያውቅም። ግን አማራጭ አልነበረውም፤ ተቀምጦ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ አሰበ። አንማው እየተጫወተ ወደ እሱ መጣ። አያ ሙጬ ዓይን ዓይኑን አየው። ልጁም አየው፣ ፈገግም አለለት፤ ለሌላው እንግዳ ሁሉ የሚለውን ፈገግታ።

«ተቀበል» አለ አያ ሙጬ።

«እህ፣ አባቴ።»

«አባትህ ታሞብህ አልጋ ላይ ይጠራሃል፣
ነገ በማለዳ መኪና ይወስድሃል።»

አያ ሙጬ እጁን ዘረጋ፤ ልጁ ማሲንቆውን ጥሎ የሚያቅፈው መስሎት። አንማው ግን አንገቱን ሰበቀ፣ ትከሻውን አርገፈገፈ፣ ግጥሙንም ቃል ሳያዛንፍ መለሰው። ደስ በሚል ዜማ። ሰዉ አጨበጨበ። ከጎን ያለው ጠረጴዛ «ይደገም» አለ፤ ደገመው።

«ደነዘዝኩ» ይላል አያ ሙጬ። «የሰው ልጅ አባትህ ታሞ ይጠራሃል ተብሎ ሲጨፍር አይቼ አላውቅም። ያበደ መሰለኝ። ወይም እኔ ያበድኩ።»

አንማው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሊያልፍ አንድ እግሩን አንሥቷል። አሁን ካለፈ አለፈ። አያ ሙጬ ያን ጊዜ ያደረገውን እስከ ዛሬ ንስሐ ይገባበታል። ወጉን ጣሰ። ከወንበሩ ተነሥቶ፣

«ተቀበል፤
አንማው ልጄ ሆይ፣ ማሲንቆህን ስበረው፣
ዛሬ ንጋት ላይ ሞተ፣ አባትህ ቢምረው» አለ።

ልጁ ተቀበለ። የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነ፤ የገዛ ስሙ አለበት፣ አልሰማውም። ሁለተኛውን ዘፈነ፤ ሞተ የምትለዋን ቃል በረጅሙ አሳምሮ፣ በጉሮሮው አንከባልሎ። አንድ ሰው ተነሥቶ ብር በምራቁ አርሶ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። አንዲት ሴት በስልኳ ትቀርጻለች። «ይደገም፣ ይደገም» ተባለ። ደገመው። «ዛሬ ንጋት ላይ ሞተ፣ አባትህ ቢም...» ላይ ሲደርስ የማሲንቆው ደጋን ጭራው ላይ ቆመ።

አያ ሙጬን አየው። አሁን ነው ያየው።

«አያ ሙጬ?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«ምንድን ነው ያልኩት?»

ሰዉ የጨዋታው ክፍል መስሎት ይስቃል። ብሩ ከግንባሩ ላይ አልወደቀም፤ በላብ ተጣብቋል። ወይዘሮ ዘርፌ ከመጋረጃው ጀርባ ፈጥነው መጡና ነገሩ ገባቸው። ክንዱን ያዙት።

«ልጄ፣ እግዜር ያጥናህ። ይችን ጠረጴዛ ብቻ ጨርስልኝና ትሄዳለህ። አንድ ወር ነው የቀረህ።»

«እሺ» አለ።

ይኼን እሺ ያለው አፉ ነው፤ እሱ አልነበረም። ደጋኑንም አንሥቶ ነበር። አያ ሙጬ ነው እጁን ጨብጦ ያስቆመው፣ እንደ ዕውር እየመራም በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያስወጣው። ጋሽ ላቀው በሩ ድረስ ተከተሏቸው።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንደር ደረሱ። ቀብሩ አላለፈም። አያ ሙጬ «ተመስገን» አለ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ግን ተነሥቶ ያቀፋቸው ሰው አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንማውን ያየዋል፤ የሚያለቅስም የለም። ያቺ እንግዳ ሴት በስልኳ የቀረጸችው ከእነሱ ቀድሞ ደርሷል። ቢምረው እዚያ ተገንዞ ተኝቶ፣ ልጁ ሐር ካባ ደርቦ የአባቱን ሞት እየጨፈረ ሲያበስር፣ ለቀስተኛው ሁሉ በየስልኩ አይቶታል። የሻረግም አይታለች።

የቢምረው ወንድሞች ቃሬዛውን አንሥተዋል። አንማው ወደ አንደኛው ጫፍ ሲጠጋ ታላቁ አጎቱ በክርኑ ገፋው።

«አንተ አትነካውም። ሸኝተኸዋል እኮ፣ በጭብጨባ።»

አንማው ወደ ኋላ ተመለሰና ቆመ። የሻረግ ቀና ብላ ልጇን ሳይሆን ወንድሟን አየች።

«ሙጬ፣ ትናንት በስልክ ነግሬዋለሁ ብለሃል። ሲሰማ ምን አለ?»

አያ ሙጬ መዋሸት ይችል ነበር። አልሰማኝም ነበር፣ ቤቱ ጫጫታ ነው ማለት ይችል ነበር። ግን አስከሬን ፊት ቆሟል።

«ያልኩትን አለ» አላት።

ከዚያ አያ ሙጬ ሁሉንም ነገራቸው፤ የበሩን፣ የስሙን፣ የአንድ ዓመቱን ሕግ፣ እሺውን ሁሉ። ሲጨርስ የቢምረው ንስሐ አባት አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። በሰማንያ ዓመታቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው እንደማያውቁ ፊታቸው ይናገራል። ታላቁን አጎት በእጃቸው ከቃሬዛው ገለል አደረጉት፤ አንማውንም ጎትተው በእሱ ቦታ አቆሙት።

«ይሸከም፤ ይኼ አባቱን አልናቀም፣ እምቢ ማለትን ነው ያስረሱት» አሉ። ከዚያም ወደ ለቀስተኛው ዞረው፣ ለልጆቻችሁ ንገሩ በሚል ድምፅ፣ «ያሉትን ሁሉ የሚቀበል፣ የአባቱን መርዶ ይዘፍናል» አሉ።