ወራቸው የገባ ሦስት እናቶች

ተረት ካማራችሁ ጆሯችሁን አበድሩኝ።

አንዲት ፈሪ በግ ወሯ ገብቶ ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሶ ነበር። ከተኛሁ በጀርባዬ ተገልብጬ መነሳት ያቅተኛል እያለች ቆማ ውላ ቆማ ታድራለች። በመጨረሻ ጉልበቷ ከዳት። ይህን ያየች እርጉዝ ላም፣

«ነይ እህቴ፣ ጎኔን ተደግፈሽ ተኚ» አለቻት።

«ብገለበጥስ?»

«አቃስቺ፤ በአፍንጫዬ ገፍቼ አነሳሻለሁ።»

አንዲት ነጭናጫ አህያም ወሯ ገብቶ ነበርና፣ «እኔን እንደሆነ ወገቤ እንቅልፍ ነስቶኛል» እያለች መጥታ በላሟ በሌላው ጎን ጋደም አለች። ከዚያ ወዲያ አንዷ ስታቃስት ሁለቱ ብድግ ይላሉ።

አንድ ማለዳ በጓ ተገልብጣ ስታቃስት የሰማች ጅብ እየሮጠች መጣች። ላሟና አህያዋ ግን ቀድመው በጓን አንስተው ከፊቷ ቆመዋል።

«እኔም እርጉዝ ነኝ፤ ለሁለት ነፍስ ነው የራበኝ» አለች ጅቧ።

«ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» አለች አህያዋ። «ከተጠጋሽ ግን እርግጫዬን ትቀምሻለሽ።»

ጅቧ ሆዷን እየጎተተች ዳገቱን ተያያዘችው። ሦስቱም ደክሟቸው ጋደም እንዳሉ ጅቧ ከዳገቱ ላይ ስታቃስት ተሰማ።

በጓ ሳታስበው ብድግ አለች። ዞር ብላ ብታይ ላሟም አህያዋም ቆመዋል።

ጆሯችሁን መልሻለሁ።