የአያ ጅቦ ነጻ ምክር

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ናዳ ወርዶ እንስሳት ሁሉ ወደ ወንዝ የሚወርዱበትን መንገድ ድራሹን አጠፋው። የአገሩ ገዥ አያ አንበሶ አዲስ መንገድ ማስጠረግ ነበረባቸውና አዋጅ አስነገሩ፦ «ስለ መንገዱ የሚያማክረኝ ሸንጎ አቋቁሜያለሁ፤ የወደደ ይግባ! ደመወዝ የለም፣ አበል የለም፣ ምሳም የለም!»

«ምሳም የለም» ሲባል ግማሹ እንስሳ ወደ ቤቱ ሄደ። መቼም መምከር የማይወድ የለም፤ በባዶ ሆድ መምከር ግን ለሁሉ አይሆንለትም።

አህያይቱ እመት ዳልቻ ግን ቀረች። ውርንጭላዋ ጡት ከጣለች ገና ሳምንቷ ነው፤ ከእንግዲህ በየቀኑ በገዛ እግሯ ወርዳ መጠጣት አለባት። «መንገዱ ክፉ ከሆነ ልጅ አለኝ ብዬ አላስብም» እያለች ሆዷ ባባ።

በማግስቱ ጠዋት ሸንጎው ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ሚዳቋ መጣች፤ ጃርት መጣ፤ ጸሐፊነቱን ማንም ሳይሰጣት የያዘችው እመት ቀበሮም መጣች። በመጨረሻ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? አያ ጅቦ!

«አንተም?» አሉ አያ አንበሶ ዓይናቸውን አሻሽተው። «ምሳ የለም ተብሏል እኮ!»

«ጌታዬ፣ እኔን የሚርበኝ ሕዝብ ማገልገል ነው» አለ አያ ጅቦ። ይህን ሲል ዓይኑ የዳልቻ ዳሌ ላይ ነበር። «በሉ እስቲ፣ ቁርበት አንጥፉልኝ።»

ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው በማያውቁት አገር ነው ሲባል እንሰማለን፤ ይኸኛው ግን በሚያውቁትም አገር አስነጠፈ። ዳልቻ «ወይ ጉዴ! ጅብና ነጻ አገልግሎት!» አለች በሆዷ።

«ሁለት ሐሳብ አለ» አለች ቀበሮ። «አንዱ በጋራው ዞሮ የሚወርድ ነው፤ ረጅም፣ ግን ገላጣ። ሌላው በገደሉ ሥር የሚያልፍ ነው፤ አጭር፣ ግን ጠባብ።»

«በገደሉ ሥር!» አለ አያ ጅቦ ከቁርበቱ ብድግ ብሎ። «ጥላ አለው፣ ነፋሻ ነው። አህዮቻችን ለምን ይድከሙ? ሲደክሙ ይከሳሉ፤ የከሳ አህያ ደግሞ ምኑ ይበላል? ማለቴ፣ ያሳዝነኛል!»

የገደሉ ሥር እኮ የአያ ጅቦ ደጅ ነው! ይህን የማያውቅ አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ሸንጎ አያ አንበሶ ራሳቸውን ከነቀነቁ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ አጭር መንገድ መባሉ ጣማቸውና ነቀነቁ።

«ልክ ነው!» አለች ሚዳቋ።

«ከልክም በላይ!» አለ ጃርት።

ዳልቻ ጆሮዎቿን አቆመች። «ጌቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለመሆኑ የሄደበት አለ?»

ሸንጎው በሳቅ አውካካ። ጃርት እሾሁ እስኪረግፍ ሳቀ። ቀበሮ ግን አልሳቀችም፤ ጨዋታ የሚመጣ ከሆነ እሷ ቀድማ ታሸተዋለች። «እውነቷን ነው። ነገ ረፋድ ላይ ሁላችንም ወርደን እንየው» አለች። አያ አንበሶ ነቀነቁ። «ልክ ነው!» አለች ሚዳቋ።

አያ ጅቦ በደስታ የሚሆነውን አጣ። እየከነፈ ሄዶ ስድስት ወንድሞቹን ሰበሰበ። «ነገ ከመታጠፊያው ጀርባ አድፍጡ» አላቸው። «መንገዱ የአህያ ስለሆነ ፊት የምትመጣው እሷ ናት። መጀመሪያ ብቅ ያለውን ዘላችሁ ያዙ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ቢሆን! ሌሎቹ ሲደርሱ ገደል ገባች እንላለን።»

በማግስቱ ከመታጠፊያው ደረሱ። መንገዱ ከአንድ በላይ አያሳልፍም።

«ዳልቻ ትቅደም» አለ አያ ጅቦ። «መንገዱ የሷ ነው።»

በዚህ ጊዜ ነፋሱ ዞረና የጅብ ጠረን የዳልቻን አፍንጫ ሞላው፤ ያውም የአንድ ጅብ ብቻ አልነበረም። ልትሸሽ ፈለገች፤ ግን እሷ ብትሸሽ መንገዱ ይጸድቃል፣ ነገ ልጇ ትመጣበታለች። የቀራት ነገር ቢኖር እናቷ ያስተማረቻት ጨዋነት ነው።

«ኧረ ነውር ነው!» አለች። «ጌታዬ ቆመው እኔ ልቅደም? በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ!»

«ግድ የለም፣ እለፊ» አሉ አያ አንበሶ።

«ኧረ በሞቴ!»

«በሞቴ አንቺ ቅደሚ!» አለ አያ ጅቦ እየተቁነጠነጠ።

«በልጄ ሞት!» አለች ዳልቻ፤ ከልቧ ነበር።

«ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም» አለች ቀበሮ።

«ልክ ነው!» አለች ሚዳቋ።

«እንግዲህ እንዲህ ካላችሁ» አሉና አያ አንበሶ ደረታቸውን ነፍተው ቀደሙ። አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። «አይሂዱ» ቢል «ለምን?» መባሉ ነው። አፉን መልሶ ዘጋ።

ስድስቱ ወንድማማቾች እንደ ታዘዙት ዓይናቸውን ጨፍነው ዘለሉ። አንዱ ጭራ ያዘ፣ አንዱ አፍንጫ ነከሰ።

«ያዝኳት! እንዴት ያለች ወፍራም ናት!»

«ጠጉሯ ግን በዛ!»

አያ አንበሶ አገሱ። ስድስቱም ዓይናቸውን ገለጡ፤ ያዩትንም ደግመው ለማየት ሳይመኙ እየተንከባለሉ ቁልቁል ወረዱ።

«ይህን መንገድ የመከረኝ ማን ነበር?» አሉ አያ አንበሶ።

«ቃለ ጉባኤውን በቃሌ ይዤዋለሁ» አለች ቀበሮ። «አያ ጅቦ፣ ከቁርበቱ ብድግ ብሎ።»

በፈቃዱ የገባው አያ ጅቦ ማንም ሳያሰናብተው በፈቃዱ ወጣ። አቧራው ብቻ ቀረ።

«እኔ እንኳ ድሮም ጠርጥሬው ነበር» አለች ሚዳቋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

አያ አንበሶ አፍንጫቸውን እየላሱ ወደ ዳልቻ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትመክሪኛለሽ?»

«በጋራው ይሁን፣ ጌታዬ። ይረዝማል፤ ግን የሚመጣውን ከሩቅ ያሳያል።»

አያ አንበሶ ሊነቀንቁ ብለው ቆም አሉ። «መጀመሪያ እንሂድበት» አሉ።

በማግስቱ ሄዱበትም። ዳልቻ ያስከተለቻት ውርንጭላዋ መሐል ገብታ ወረደች፤ ሆዷ እስኪነፋ ጠጣች፤ ከዚያ ውሃው ውስጥ እየዘለለች ሸንጎውን በሙሉ፣ አያ አንበሶንም ጨምራ፣ አራሰቻቸው። ዳልቻ በደስታ አናፋች፤ ማንም «ዝም በይ» አላላትም።

ከዚህ የምንማረው፣ በነጻ የሚመክረንን ከማመስገናችን በፊት መንገዱ በማን ደጅ እንደሚያልፍ መጠየቅ እንዳለብን ነው።