ዮሴፍ ነኝ ያለው ቀጥቃጭ

አንድ ቀጥቃጭ ነበር፤ አዛናው የሚባል። በመንደሩ ቤተ እስራኤሎች መካከል ኦሪት ማድመጥ እንደ እሱ የሚወድ አልነበረም። ሰንበት በመጣ ቁጥር ጸሎት ቤት ቀድሞ ይገባል፤ ቄሱ የሳምንቱን ንባብ ከግዕዝ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል፤ ከዚያ ንባቡን ለሰው ያከፋፍላል። ልቡን ያደነደነው ፈርዖን አማቱ ነው። በበረሃ ያጉረመረሙት ጎረቤቶቹ ናቸው። ለፋሲካ አሮጌው ሸክላ ተሰብሮ በአዲስ ሲተካ እንኳ «እነ እገሌ ልባቸውንም በለወጡ!» ይላል። ለራሱ የሚያስቀረው ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነበር።

ይህ አዛናው ከታናሽ ወንድሙ ከቢያድግልኝ ጋር ተኳርፏል። በእናታቸው ተዝካር ላይ ታናሽየው በሰው ፊት «እናቴን የጦርኳት እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ነበርና ቃሉ ከአዛናው ሆድ አልወጣም። ድሮ አንዱ የጋለውን ብረት በጉጠት ሲይዝ ሌላው በመዶሻ እየመታ ማረሻ ይሠሩ ነበር። አሁን አዛናው ብቻውን ማጭድ ከመሳል አያልፍም። ይባስ ብሎ ቢያድግልኝ ሰንበት እንዳለፈ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሚስቱ አገር ሊሄድ መሆኑ ተሰማ። ከሄደ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል፤ አዛናውም ያውቃል።

የዚያ ሰንበት ንባብ ዮሴፍ ለወንድሞቹ ማንነቱን የገለጠበት ነበር። የአዛናው እንባ መጣ። ሰው ሲበተን ወደ ቄሱ ጠጋ አለ።

«አባ፣ የዛሬው ንባብስ የኔው ነው። ወንድሙ የበደለው ዮሴፍ እኔ ነኝ።»

«እሰየው ልጄ! እንግዲያ እንደ ዮሴፍ ወንድምህን እቀፈዋ።»

አዛናው ደነገጠ፤ ግን ቶሎ ማምለጫ አገኘ። «እሱማ ወንድሞቹ እግሩ ድረስ መጥተውለት ነው! የኔውም ይምጣና አቅፈዋለሁ።»

ቄሱ ፈገግ አሉ። «ወንድሞቹን ምን አመጣቸው?»

«ረሃብ ነዋ።»

«ታዲያ ከሁለታችሁ የተራበው ማነው?»

አዛናው «እሱ» ሊል ሲል ብቻውን የሚስለው ማጭድ ትዝ አለው። የወንድሙ ሳቅ ናፈቀው፤ በጣም ናፈቀው። ለካ የተራበው እሱ ራሱ ኖሯል። ዮሴፍ ነኝ ያለው ሰውዬ እንደ ዮሴፍ ወንድሞች እህል ፍለጋ መንገድ መጀመር የነበረበት ነው።

ሰው እያየው እየሮጠ ቁልቁል ወረደ። ቢያድግልኝ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ወንድሜ፣ ያላንተ ሥራውም ኑሮውም አልሆነልኝም። አትሂድብኝ» አለ ታላቅየው።

ቢያድግልኝ ብድግ ብሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመና እንደ ልጅ አለቀሰ። «እኔም እኮ ትመጣለህ ብዬ ደጅ ደጁን ሳይ ነው የከረምኩት። ያን ዕለት አፌ አመለጠኝ፤ ይቅር በለኝ።»

ሚስቶቻቸው እልል አሉ። የሰንበቱ ዳቦ ተቆረሰ፤ ጓዙም ሳይጫን ቀረ። ኦሪት ተራራ ላይ በሚነበብበት በተከታዩ የስግድ በዓል ሁለቱ ጎን ለጎን ወጡ፤ ንባቡ ሲጀመርም አዛናው ማንንም ዞሮ አላየም።

ወዳጆቼ፣ በየሳምንቱ የሚነበበውንም ሆነ በየዓመቱ የሚመጣውን በዓል ለጎረቤት አናከፋፍለው። በንባቡ ውስጥ የራሳችን ቦታ አለ፤ አንዳንዴ ከምንወደው ወንበር ዝቅ ያለ ነው። እዚያ ለመቀመጥ የደፈረ ግን ወንድሙን አግኝቶ ይነሳል።

እናንተስ፣ በዚህ ሳምንት የተራባችሁት ማንን ነው?