ዘርፌና የዛገችው ምላጭ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ኧረ ጮክ በሉ፣ ላሞቹም ይስሙ! እንግዲህ አድምጡኝ።

በድሮ ዘመን ዘርፌ የምትባል ራስ ላጭ ነበረች። በመንደሩ ውስጥ ያለችው ምላጭ የእሷ ብቻ ነበረች። ሙሽራም ቢሆን፣ ሐዘንተኛም ቢሆን ራሱን የሚሰጠው ለእሷ ነው። አንለይ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት፤ እሱም ከነጋዴዎች ጋር ቆላ ወረደ። ነጋዴዎቹ ያለ እሱ ተመለሱ። ከዚያም ሽማግሌዎች መጡና መርዶ ነገሯት፦ «ልጅሽን ንዳድ ገደለው።»

ዘርፌ፦ «ውሸት ነው!» አለች።

ያኔ ልጅ የሞተባት እናት ጠጉሯን ተላጭታ ነው ልቅሶ የምትቀመጠው። ዘርፌ ምን አደረገች? ምላጯን ወሰደችና ከእንስራው ሥር፣ እርጥቡ አፈር ውስጥ ቀበረቻት። ምላጯም ዛገች። «በሉ፣ በምን ትላጩኛላችሁ?» አለቻቸው። ካልተላጨች ልጇ አልሞተማ!

ከዚያም እግሯ አላርፍ አለ። ጉብታው ላይ ወጥታ መንገዱን ታያለች። ትወርድና ጥጥ መፍተል ትጀምራለች። ውሻ ሲጮህ እንዝርቱን ጥላ ትሮጣለች። እህልም አልወርድላት አለ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ጠጉሩ አድጎ ዝንጀሮ መሰለ። ምን ያስቃችኋል? ቅማሉ እናንተን አልበላ!

አንድ ቀን ጎረቤቷ አጀቡሽ ትንሿን ልጇን አዝላ መጣች። የልጅቱ ራስ ቆስሎ መግሉ ከጠጉሯ ጋር ተጣብቋል።

አጀቡሽ፦ «እትዬ ዘርፌ፣ ጠጉሯ ካልተላጨ መድኃኒቱ ቁስሉ ላይ አይደርስም። ልጄ ልትሞትብኝ ነው!»

ዘርፌ፦ «ምላጯ ዝጋለች አልኩ እኮ!»

ልጅቱ አቃሰተች። ዘርፌ ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። አንጀቷ አልችል አለ። ምላጯን ከአፈሩ አወጣችና ዝገቱን በአመድና በሎሚ ፈገፈገች። ድንጋይ አርሳ ሳለቻት። በጠፍር ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሰቻት። በፈላ ውኃም አጠበቻት። ከዚያም የልጅቱን ራስ በለብታ ውኃ አርሳ ቀስ ብላ ላጨቻት፤ መድኃኒቱም ተቀባ።

አጀቡሽ እግሯ ላይ ወደቀች። ተነሥታም ምላጯን አጥባ አደረቀችና ዳግመኛ እንዳትዝግ ቅቤ ልትቀባት እጇን ሰደደች።

ዘርፌ፦ «ተይ፣ አትቀቢያት። አንድ ራስ ይቀራል» አለች።

ሻሿን ፈታች። መደቡ ላይ ተቀመጠችና አንገቷን ደፋች። «በይ ላጪኝ» አለቻት። የመጀመሪያው ጠጉር ጭኗ ላይ ሲወድቅ «አንለይ ልጄ!» ብላ ጮኸች። መንደሩም ሰማና ሊያለቅስላት እየሮጠ መጣ።

በሉ፣ እናንተ ደግሞ እንባችሁን ጥረጉ። ተረቴን መልሱ፣ ለአፌም ዳቦ ቁረሱ፤ ወፍራም ወፍራሙን!