ለምስክርነት የተጠራችው አልቃሽ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ፣ አትቸኩዪ ስንዱ። «የኔታ፣ ይኼ ስልኬ ላይ ያለው፣ የጠየቁትን ሁሉ የሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምንድን ነው? ልመነው?» ነው ያልሽኝ። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም። ቁጭ በይና ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሩቅ አገር አጎቱ ዘንድ ያደገ። የአባቱን መርዶ ሰማና በበቅሎ መጣ። አባቱን በወጉ አያውቀውም፤ ለቅሶው ግን እንዲያምርለት ፈለገ። በአባቱ አገር አንዲት አልቃሽ ነበረች፤ ዕድሜዋን በሙሉ ከለቅሶ ቤት ጠፍታ አታውቅም። የተወረደውን ሙሾ ሁሉ ሰምታ ይዛዋለች። እሷን አስጠራ። የጠየቀችው የሟቹን ስም ብቻ ነው። ከዚያ ደረቷን እየደቃች አወረደችው፦

«እንዲያ ሲጋልበው ያንን ዳማ ፈረስ፣
የወንዝ ማዶ መስኩ ለማን ይሆን ውርስ?»

ሕዝቡ ተንሰቀሰቀ። ልጁም እንባውን ጠርጎ፣ «ለካ አባቴ የፈረስና የመስክ ጌታ ኖሯል!» አለ።

ከወንዙ ማዶ እውነትም መስክ አለ፤ የጎረቤት ገበሬ መስክ ነው። ልጁ ሄዶ «የአባቴን መስክ ልቀቅ» አለው። ገበሬው ሳቀ። «አባትህ እኮ ሸማኔ ነበሩ። ፈረስ ሲያዩ አጥር ይዘሉ ነበር» አለው። ልጁ ግን ወይ ፍንክች! «ታዲያ ይኼ ሁሉ ሰው ያለቀሰው በውሸት ነው?» ብሎ ዳኛ ፊት ገተረው። በዚያ ዘመን ተሟጋች ይወራረድ ነበርና፣ «ከተረታሁ በቅሎዬን ይውሰድ» አለ። ያለችው ያቺው በቅሎ ብቻ ናት። ምስክር አምጣ ሲባል ማንን ቢያመጣ ጥሩ ነው? አልቃሿን!

ዳኛው «መስኩን አይተሻል?» አላት።

«ኧረ በስመ አብ! ከየት አይቼ?»

«ሰውየውንስ?»

«ስማቸውን ልጃቸው ነግሮኛል።»

«ታዲያ ይኼ ፈረስ ከየት መጣ?»

«ጌታዬ፣ ሙሾ እኮ እንዲህ ነው። ፈረስ ካልኩ መስክ ይከተላል፤ መስክ ካልኩ ውርስ ይመጣል። እኔ ስሰማ የኖርኩትን ነው የማያይዘው።»

ዳኛው ብልህ ነበር። «እስቲ እኔ ዛሬ ሞትኩ እንበልና አልቅሺልኝ» አላት። ምን ገዷት! ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሳች። ያው ዳማ ፈረስ፣ ያው የወንዝ ማዶ መስክ፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ዳኛው ራሱ፣ በቁሙ የሚለቀስለት ሰው፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ኋላ አፍንጫውን ጠርጎ፣ «እኔ ያለችኝ አንዲት አህያ ናት። ይኼን ፈረስ ማን ዘንድ ሄጄ ልጠይቅ?» አለ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። በቅሎዋ ለገበሬው ተፈረደች፤ ልጁም በእግሩ አዘገመ።

እኔን የሚያበግነኝ በቅሎዋ አይደለችም። አባቱን ያስታመመውም የከፈነውም ያ ጎረቤት ነበር። «አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብሎ አንዲት ቃል አልጠየቀውም እኮ! ከሰሰው እንጂ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ስልክሽ ላይ ያለው አልቃሿ ነው። ሰው የጻፈውን እልፍ አእላፍ ቃል አሳይተውታል፤ ከየትኛው ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ለምዷል። ደብዳቤ ብትዪው፣ ግጥም ብትዪው ከዚያ እያያያዘ አዲስ ይሠራልሻል፤ ያምራልም። ውሸታም እንዳትዪው። ውሸታም እውነቱን እያወቀ ይሸሽጋል፤ ይኼ ግን ነገሩ ከገጠመለት እውነቱም ሐሰቱም ለእሱ አንድ ነው። አልቃሿስ ምን አጠፋች? አልቅሺ አሏት፣ አለቀሰች። ያጠፋው ምስክር ያደረጋት ነው። አንቺም ማመልከቻሽን አስጽፊው፣ አንብበሽ አርሚው፣ ማን ከለከለሽ?

ምነው አቀረቀርሽ? የእናትሽን ሳል ጠየቅሽው እንዴ? መድኃኒትም ነገረሽ? አዬ ጉድ! ልጄ፣ እሱ እናትሽን አላያትም። በይ ተነሺ፣ ሐኪም ቤት ውሰጃት፤ ደረቷን ያዳመጠ ሰው ይንገርሽ።